ሥልጣን በጡብ ሲናገር፦ የአልቢው ቅድስት ሴሲሊያ ካቴድራል

ከደቡብ ፈረንሳይዋ ቱሉዝ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በታርን ወንዝ ዳር አልቢ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ወደ ከተማዋ የሚቀርብ መንገደኛ ቤቶቿንና ድልድዮቿን ለይቶ ሳያይ በፊት ዓይኑ አንድ ግዙፍ ቀይ ግንብ ላይ ያርፋል። የግንቡ መስኮቶች ረጃጅምና ጠባቦች ናቸው፤ ግድግዳው ከሥሩ ሰፋ ብሎ ተዳፋት ይዞ ይነሣል፤ ዙሪያውን ግማሽ ክብ ማማዎች ተደርድረውበታል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው የጦር ምሽግ ነው ቢል አይፈረድበትም። ይህ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቅድስት ሴሲሊያ ካቴድራል። ሥራው የተጀመረው በ1282 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በዓለም ላይ በጡብ ከተሠሩ ካቴድራሎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል።

ስለ አልቢ ካቴድራል የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን ሰማያዊውን ጣሪያና እንደ ዳንቴል የተፈለፈለውን ድንጋይ ያደንቃል። ሌላው ወገን ሕንፃው የቆመበትን የደም ዘመን ያስታውሳል። የዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱን ለያይቶ ማንበብ ሕንፃውን አለማንበብ ነው የሚል ነው። ቅድስት ሴሲሊያ ሕዝቡን በጦር ያሸነፈ፣ ልቡን ግን እንዳላሸነፈ የሚያውቅ ሥልጣን ያቆመው ሕንፃ ነው። ያ ሥልጣን ሕዝቡን መጀመሪያ በግርማ ሊያስፈራው፣ ከ200 ዓመት በኋላ ደግሞ በውበት ሊማርከው ሞከረ። ሁለቱም ሙከራዎች ዛሬም በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይታያሉ።

ጦርነቱ ያለፈባት ምድር

በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ላንግዶክ በሚባለው የደቡብ ምድር ካታር ተብለው የሚታወቁ አማኞች ሥር ሰድደው ነበር። ለእነርሱ የማይታየው መንፈሳዊ ዓለም የመልካሙ አምላክ ነው፤ የሚታየውና የሚዳሰሰው ደግሞ የክፉው ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት ለመስቀል አይሰግዱም፣ የውኃ ጥምቀትንና የቤተ ክርስቲያንን ቁርባን አይቀበሉም፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ ቤትም የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው መባሉን ይነቅፋሉ። “ደጋግ ሰዎች” የሚባሉት መምህሮቻቸው ሥጋ አይበሉም፣ አያገቡም፣ በእጃቸው ሠርተው ይኖራሉ። ምቾት የለመደ ካህን የሰለቸው ሸማኔና ነጋዴ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ሲያይ ልቡ ቢያደላ አያስደንቅም።

በ1208 የሮማው ሊቀ ጳጳስ የኢኖሰንት ሦስተኛ መልእክተኛ የነበሩት ፒየር ደ ካስቴልኖ ተገደሉ። ሊቀ ጳጳሱም በዚያው በክርስቲያኖች ምድር ላይ የመስቀል ጦርነት አወጁ። በጁላይ 1209 ቤዚዬ የምትባለው ከተማ ስትያዝ ካታር፣ ካቶሊክ ሳይባል ነዋሪዋ ተጨፈጨፈ። አልቢ ለዘማቹ ለሲሞን ደ ሞንፎር ደጇን የከፈተችው ያለ ውጊያ ነበር። ሆኖም ካታሮቹ “አልቢጀንስ”፣ የአልቢ ሰዎች፣ እየተባሉ ይጠሩ ስለነበር ጦርነቱ በታሪክ የሚታወቀው በእርሷ ስም ነው። ውጊያው 20 ዓመት ፈጅቶ በ1229 በፓሪስ ውል ተቋጨ፤ በውሉ መሠረት የቱሉዝ ግዛት በጋብቻ አማካይነት ቆይቶ በ1271 በፈረንሳይ ዘውድ እጅ ገባ።

ጦርነቱ ቢያበቃም አሳዳጁ አላረፈም። ከ1233 ጀምሮ ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት መርማሪ ችሎት በደቡቡ ምድር ተተከለ፤ ሥራው በአብዛኛው ለዶሚኒካን መነኮሳት ተሰጠ። በ1234 መርማሪው አርኖ ካታላን መናፍቅ ነበረች ያላትን ሴት አስከሬን ከመቃብር ሊያስወጣ ሲነሣ የአልቢ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ደበደበው፤ ታርን ወንዝ ውስጥ ሊወረውረው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1244 በሞንሴጉር ተራራ ሥር ከ200 በላይ ካታሮች በአንድ ቀን በእሳት ተቃጠሉ። ካቴድራሉ ሲጀመር ይህን ሁሉ ያዩና የሰሙ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ።

ጳጳስ፣ ጌታና ዳኛ በአንድ ሰው

ካቴድራሉን ያስጀመሩት በርናር ደ ካስታኔ በ1276 የአልቢ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። የሕግ ሊቅ ነበሩ፤ ከመሾማቸው በፊት በሮማው ሊቀ ጳጳስ አደባባይ አገልግለዋል። የደረሱባት ከተማ ደግሞ ጳጳሷ የነፍስ አባት ብቻ ያልሆነባት ከተማ ነበረች። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት በርናር ደ ኮምብሬ በ1264 ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ባደረጉት ስምምነት ጳጳሱ የከተማዋ ጌታና ዳኛ ጭምር ሆኖ ነበር። ቤርቢ የሚባለውን የጳጳሳት መኖሪያ ያስጀመሩትም ደ ኮምብሬ ናቸው። ካስታኔ ያንን መኖሪያ ግንብ በግንብ ላይ ጨምረው አጠናከሩት፤ ከጎኑም ካቴድራሉን ተከሉ። ከወንዙ ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ምሽግ ነው የሚያያቸው።

የእኚህን ሰው ሥራ ስንመዝን ሕንፃውን ከችሎቱ መነጠል አይቻልም። በ1299 መጨረሻና በ1300 መጀመሪያ ካስታኔ ከኢንኩዊዚሽኑ መርማሪዎች ጋር ተቀምጠው በርካታ የአልቢ ሰዎችን በኑፋቄ ከሰሱ። ተከሳሾቹ ደሃ ገበሬዎች አልነበሩም፤ ነጋዴዎች፣ የሕግ ሰዎችና በከተማዋ አስተዳደር ድምፅ የነበራቸው ባለ ሀብቶች ነበሩ። የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። በእውነት ካታሮች ነበሩ ወይስ የጳጳሱን ሥልጣን የተቀናቀኑ ሰዎች? ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሕዝቡ ግን በጊዜው ፍርዱን ሰጥቷል። በ1302 ካስታኔ ወደ ከተማቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው በቁጣ የሚጮኽ ሰልፍ ነበር። በርናር ዴሊሲዩ የተባሉ የፍራንሲስካን መነኩሴ የታሳሪዎቹን ጉዳይ ይዘው እስከ ንጉሡ ዙፋን ደረሱ። በ1306 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ክሌመንት አምስተኛ የላኳቸው ካርዲናሎች የካርካሶንንና የአልቢን እስር ቤቶች ሲጎበኙ ባዩት ነገር ደንግጠው የታሳሪዎቹ አያያዝ እንዲሻሻል አዘዙ። በ1308 ካስታኔ ከአልቢ ተነሥተው ወደ ለ ፒዩ ተዛወሩ። ዋጋውን በመጨረሻ የከፈሉት ግን መነኩሴው ናቸው፤ በ1319 ተፈርዶባቸው እስር ቤት ውስጥ ሞቱ።

ሰፊና ስስ ጡብ

ሕንፃው ለምን በጡብ ተሠራ? የመጀመሪያው መልስ ምድሩ ነው። ከቱሉዝ እስከ አልቢ ያለው ሜዳ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ እምብዛም የለውም፤ ወንዞቹ ያከማቹት ሸክላ አፈር ግን አያልቅም። የቱሉዝ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትም፣ ከሁሉ በላይ የዶሚኒካኖቹ የዣኮባን ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚሁ አፈር የወጡ ናቸው።

ጡቡን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ዛሬ ግንበኛ በአንድ እጁ እንደሚያነሣው ዓይነት አይደለም። ሰፊና ስስ ነው፤ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ቅርጽ ሮማውያን በዚያ አገር ትተውት የሄዱት ልማድ ነው። ሸክላው ተቦክቶ በእንጨት ቅርጽ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ በእቶን ይቃጠላል፤ ከዚያ በኖራና በአሸዋ ቡኮ እየተያያዘ ንብብር በንብብር ይነሣል። ቀለሙ እንደ እቶኑ ሙቀት ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ጠቆር ያለ ቀይ ይለያያል። ግድግዳው ፀሐይ በዞረች ቁጥር ቀለሙን የሚለውጥ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጡብ በዋጋ ከጥርብ ድንጋይ ይረክሳል፤ ሁሉም አንድ መጠን ስለሆነ ሥራውን ያፈጥናል። በአንጻሩ ሐውልትና ሐረግ አይቀረጽበትም። በሰሜን ፈረንሳይ በሻርትርም ሆነ በሬምስ ምእመኑን በር ላይ የሚቀበሉት በድንጋይ የተቀረጹ ቅዱሳንና ነገሥታት ናቸው። በአልቢ ግን የሚቀበለው ራቁት ግድግዳ ነው። ካታሮቹ ቤተ ክርስቲያንን ከከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ሀብትና ጌጥ ነበር፤ ጌጥ አልባው ግንብ ለዚያ ክስም መልስ ይሰጣል። ያለ ቅንጦት ይቆማል፤ ግን ከማንም ቤት በላይ ይቆማል።

የመሐንዲሶቹን ብልሃት ለማድነቅ አንድ የግንባታ ችግር መረዳት ይበቃል። ከፍ ያለ ቅስት ጣሪያ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። ጎቲክ የሚባለው የሰሜኑ የግንባታ ስልት ይህን ግፊት የሚችለው ከውጭ በኩል በአየር ላይ በተዘረጉ ቅስት ድጋፎች ነው። የአልቢ ግንበኞች ድጋፎቹን ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ከግድግዳው ወደ ውስጥ የሚገቡ ወፋፍራም የጡብ ክንፎች ጣሪያውን ተሸከሙ፤ በክንፎቹ መካከል የቀረው ቦታ ጸሎት ቤት ሆነ። ከውጭ የሚታየው የድጋፎቹ ጀርባ ብቻ ነው፤ እርሱም ተድቦልቡሎ ማማ መሰለ። ምሽግ ያስመሰለው ነገር ከፊሉ የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

ውጤቱ አንድ ወጥ አዳራሽ ነው። ሕንፃው በጠቅላላው ከ113 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የአዳራሹ ስፋት 19 ሜትር ገደማ፣ የጣሪያው ከፍታ 30 ሜትር ነው። በመካከል የቆመ አንድም ዓምድ የለም። ይህ አሠራር ከዶሚኒካኖቹ የስብከት ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ሰባኪው ከየትም ይታያል፤ ድምፁ ለሁሉም ይደርሳል። ከዓምድ ጀርባ ተደብቆ ማንጎላጀት አይቻልም። በጦር የተሸነፈውን ሕዝብ በቃል ለመመለስ የታሰበ ቤት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከ200 ዓመት በኋላ፦ ማስፈራት ወደ መማረክ

የሕንፃው ዋና አካል እስኪቆም 100 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1474 ሉዊ ዳምቧዝ የሚባሉ ጳጳስ ሲመጡ አልቢ ሌላ ከተማ ሆና ነበር። ካታሮቹ ጠፍተዋል፤ ጦርነቱ የአያት የቅድመ አያት ወሬ ሆኗል። በዚህ ጊዜና በተከታዩ ዘመን ፓስቴል የተባለው ተክል ገበያ ደርቶ አገሩን አበለጸገ። ቅጠሉ ተወቅጦና ተድቦልቡሎ ይደርቃል፤ ከዚያ የሚገኘው ሰማያዊ ማቅለሚያ በመላው አውሮፓ ይሸጥ ነበር። ዳምቧዝ ደግሞ ከፈረንሳይ ኃያላን ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው፤ ወንድማቸው ካርዲናል ዦርዥ በኋላ የንጉሥ ሉዊ 12ኛ ዋና ሚኒስትር ሆነዋል።

ሉዊ ዳምቧዝ በ1480 ካቴድራሉን ባረኩ፤ በ1492 የደወል ማማው 78 ሜትር ደርሶ ተጠናቀቀ። ትልቁ ሥራቸው ግን ውስጥ ነው። አዳራሹን አቋርጦ የካህናቱን ክፍል ከምእመናኑ የሚለይ የድንጋይ አጥር አሠሩ። መቅደስን በመጋረጃ ተለይቶ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አንባቢ ሐሳቡ አይጠፋውም፤ እዚህ ግን መጋረጃው ራሱ ድንጋይ ነው። በጡብ ሊሆን ያልቻለው ሁሉ በነጭ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ድንጋዩ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል፤ በየክፍተቱም ቀለም የተቀቡ ምስሎች ቆመዋል።

የምስሎቹን አቀማመጥ ልብ ያለው ሰው የሥልጣንን ቋንቋ እንደገና ይሰማል። በአጥሩ ውጫዊ ጎን፣ ምእመናኑ በሚመላለሱበት መተላለፊያ፣ የቆሙት የብሉይ ኪዳን ሰዎች ናቸው፤ ነቢያቱ፣ አስቴር፣ ዮዲት። በውስጠኛው ጎን፣ ካህናቱ በሚዘምሩበት፣ ሐዋርያትና መላእክት ቆመዋል። ምእመኑ ተስፋውን ከሚጠብቁት ጋር፣ ካህኑ ተስፋው ከተፈጸመላቸው ጋር ቆሟል ማለት ነው። አቀማመጡ ያማረ ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ ማን የት እንደሚቆም የሚወስን ሥርዓትም ነው።

ከ1509 እስከ 1512 ደግሞ በሁለተኛው ሉዊ ዳምቧዝ፣ በቀዳሚው ጳጳስ የወንድም ልጅ፣ ዘመን ከቦሎኛ የመጡ ጣሊያናውያን ሠዓሊዎች ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ሣሉት። ያኔ ፈረንሳይ ሚላንን ይዛ ነበር፤ የሚላን ገዢም ከዚሁ ቤት የተወለደው ሻርል ዳምቧዝ ነበር። ጣሊያንን የወረረው ጦር የጣሊያንን ጥበብ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ ቢባል ያስኬዳል። ጥልቅ ሰማያዊና ወርቃማው ሥዕል 97 ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በላዩ ላይ አልሣለበትም። ዛሬ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው የ16ኛውን መቶ ዓመት ቀለም ራሱን ነው።

ዳኛው የጠፋበት ፍርድ

በምዕራቡ ግድግዳ፣ የደወል ማማው በቆመባቸው ሁለት ግዙፍ ክብ ምሰሶዎች ላይ፣ የመጨረሻው ፍርድ ተሥሏል። ሥዕሉ የ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሥራ ነው፤ የሠዓሊዎቹ ስም አልቀረም። ከላይ ሐዋርያትና ቅዱሳን በረድፍ ተቀምጠዋል። ከመካከል ሙታን ራቁታቸውን ከመቃብር ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ደረቱ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ይዟል፤ የሕይወቱ መዝገብ ነው። ከታች ሲኦል ነው። ትዕቢተኞች በመንኮራኩር ላይ ይሽከረከራሉ፤ ቀናተኞች በበረዶ ውኃ ይርዳሉ፤ ስስታሞች በቀለጠ ብረት ጋን ይቀቀላሉ፤ ሆዳሞች እንቁራሪት ይመገባሉ። ከእያንዳንዱ በታች ማብራሪያው የተጻፈው በላቲን ሳይሆን በዘመኑ ፈረንሳይኛ ነው። ማንበብ የማይችል ሥዕሉ ይበቃው ነበር።

በ1693 ጳጳስ ለ ጉ ደ ላ ቤርሼር በማማው ሥር ጸሎት ቤት ለመክፈት የሥዕሉን መካከል አስፈረሱ። ከግድግዳው ጋር ፈራጁ ክርስቶስ ሄደ፤ በሥዕሉ ከነበሩት ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶችም ስንፍና ተደምስሶ ስድስቱ ብቻ ቀሩ። በ1736 ክሪስቶፍ ሙሽሬል የሠራው ታላቅ ኦርጋን ከበላዩ ተሰቀለ። ይህን እንደ ተራ ጥፋት ብቻ ማየት ነገሩን ያሳንሰዋል። አስፈራሪውን ሥዕል ለ200 ዓመት የጠበቀው ጳጳስነት በ1693 ከእንግዲህ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። ፍርሃት ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ የአልቢ ሰው ካቶሊክ ከሆነ ቆይቷል። ሥልጣን ለዓላማው የሠራውን ነገር ዓላማው ሲያበቃ ራሱ ያፈርሰዋል፤ የሚጠብቀው ሌላ ባለቤት ካላገኘ በቀር።

ባለቤቱ የተለወጠ ሕንፃ

ያ ባለቤት በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ብቅ አለ። በ1792 የካህናቱን ክፍል የድንጋይ ሥራ የማፍረስ ሐሳብ ሲነሣ ዣን ፍራንሷ ማሪየስ የተባለ የመንግሥት መሐንዲስ ሥራው እንዳይፈርስ ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ለሮላን ደብዳቤ ጻፈ። በርካታ ምስሎች ተሰብረው ነበር፤ አጥሩ ግን ተረፈ። ማሪየስ ጳጳስ አልነበረም። ሕንፃው የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ የጻፈ ባለሙያ ነበር። ቅድስት ሴሲሊያ ከሥልጣን ንብረትነት ወደ ሕዝብ ንብረትነት የተሻገረችው በጦር ሳይሆን በእንዲህ ያለ ደብዳቤ መሆኑ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አርክቴክቱ ሴዛር ዳሊ ሕንፃውን ሲያድስ የግድግዳዎቹን አናት ጥቂት ሜትሮች ከፍ አደረገ። ከላይ የጨመራቸው ትንንሽ ማማዎች ግን ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። የቤርቢ ግንብ በአልቢ የተወለደው የሠዓሊው የአንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ ሙዚየም የሆነው በ1922 ነው፤ ጳጳሳት ፍርድ በሰጡበት ቤት የፓሪስ መሸታ ቤት ዘፋኞችና ዳንሰኞች ተሰቀሉ። በ2010 ዩኔስኮ ካቴድራሉን፣ ቤርቢንና ዙሪያቸውን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

ይህ ምዝገባ ለጡቡና ለቀለሙ በቂ ጥበቃ ያስገኛል። ለታሪኩ ግን ሌላም ነገር ያስፈልጋል። በርናር ደ ካስታኔ ለአልቢ ሁለት ሰነድ ትተዋል። አንዱ ካቴድራሉ ነው። ሁለተኛው የ1299 እና የ1300 የችሎት መዝገብ ነው፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አለ፤ የተከሳሾቹ ስምና የሰጡት ቃል በውስጡ ይነበባል። የመጀመሪያው ሰነድ በየዓመቱ ብዙ ሕዝብ ይጎበኘዋል፤ ሁለተኛውን የሚያገላብጡት ጥቂት ተመራማሪዎች ናቸው። በሕንፃው ውበት ከልብ የሚደነቅ ሰው መዝገቡን ቢያውቅ አድናቆቱ አይቀንስበትም፤ ይጠነክራል እንጂ። ግንበኞቹ የቆለሉት ጡብ የማንን ጥያቄ ለመመለስ፣ የማንን ድምፅ ለመሸፈን እንደተነሣ ያን ጊዜ ይገባዋል። ስለዚህ በአልቢ የሚቆም አስጎብኚ ከፍታውን በሜትር፣ ጣሪያውን በቀለም ከተናገረ በኋላ የታሰሩትንም ሰዎች ታሪክ የመናገር ግዴታ አለበት። እነርሱም የከተማዋ ሰዎች ነበሩ፤ ካቴድራሉም ዛሬ የከተማዋ ሰዎች ነው።